አሸዋ ያልበገረው መሣሪያ፣ ሕግ ያጸናው ሰላም

ከዱባይ ተነሥቶ በሻርጃ በኩል አጅማን የሚደርሰው መንገድ ሦስቱን ከተሞች እንደ አንድ ከተማ ካያያዛቸው ቆይቷል። ከዴይራና ከናይፍ እስከ ሻርጃ ሮላ፣ ከሮላም እስከ አጅማን የባሕር ዳርቻ በየዕለቱ የሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ሌሊት ከሥራ የምትወጣ ሴት ብቻዋን አውቶቡስ ጠብቃ ወደ ማደሪያዋ ትሄዳለች፤ የሱቅ ሠራተኛው የቀኑን ሒሳብ ዘግቶ በእግሩ ያዘግማል። በትከሻው ጠመንጃ ያነገተ ሲቪል ሰው ሳያዩ ዓመታት ማሳለፍ የተለመደ ነው። ከዚህም የተነሣ ጸጥታው እንደ ፀሐዩና እንደ ባሕሩ ከምድሩ ጋር አብሮ የተፈጠረ መስሎ ይታያል።

ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በፊት በዚሁ ምድር የሚጓዝ ሰው ጩቤውን ከወገቡ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳይለይ ነበር የሚንቀሳቀሰው። የውኃ ጉድጓድ፣ የግጦሽ ቦታና የጎሳ ወሰን ደም ያፋስሱ ነበር። ያ ዘመን አልፎ የዛሬው እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት አንድ አሮጌ መሣሪያን መመርመር ይጠቅማል። መሣሪያው በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ በዓረብ ምድር በረሃዎች ብቃቱን ያስመሰከረው ስተርሊንግ የተባለው ንዑስ መትረየስ ነው። ስለ እርሱ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው በአሸዋ ውስጥ የማይነክስ መሆኑ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመሣሪያው ታሪክ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ይዟል።

ከስቴን ወደ ስተርሊንግ

ንዑስ መትረየስ የሚባለው የሽጉጥ ጥይት በተከታታይ የሚተኩስ አጭርና ቀላል መሣሪያ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በጠባብ ምሽግ ውስጥ ለሚደረግ ውጊያ ሲባል ተፈለሰፈ። ረጅሙ ጠመንጃ በምሽግ መታጠፊያ ላይ አይመችም፤ ትልቁ መትረየስም ለአንድ ሰው ይከብዳል። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሞላው ይህ መሣሪያ በቅርብ ርቀት እጅግ አደገኛ ሲሆን፣ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ግን ብዙም አያገለግልም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ በጥድፊያ ያመረተችው ስቴን የተባለው ንዑስ መትረየስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ሥራ ላይ የዋለው ይህ መሣሪያ ከቧንቧና ከታጠፈ ላሜራ የተበጀ፣ ዋጋው ከጥቂት ፓውንድ የማይበልጥ፣ አራት ሚሊዮን ያህል የተመረተ ነው። አገሪቱ ሠራዊቷን በፍጥነት ማስታጠቅ ግድ ሆኖባት ስለ ነበር ስቴን ለዚያ አጣዳፊ ጊዜ የሚገባውን ሠርቷል። ሆኖም ሁለት ክፉ ነውሮች ነበሩበት። አንደኛው ካዝናው ነው። ሠላሳ ሁለቱ ጥይቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረው ወደ አንድ ጠባብ አፍ ሲገፉ ስለሚጨናነቁ መሣሪያው በወሳኙ ሰዓት ይነክሳል። ብዙ ወታደሮች ይህን በመፍራት ካዝናውን ሳይሞሉት ይዘምቱ ነበር። ሁለተኛው ነውር ከዚህ የከፋ ነው፤ መሣሪያው በሰደፉ በኩል መሬት ላይ ሲወድቅ ቃታው ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። በዚህ ሳቢያ ጠላት ሳያዩ በገዛ መሣሪያቸው የቆሰሉና የሞቱ ነበሩ።

ጆርጅ ፓቼት የተባለው መሐንዲስ በጦርነቱ ዘመን በለንደን አጠገብ በምትገኘው ዳገንሃም፣ በስተርሊንግ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ያሻሻለው ይህንኑ ነው። የብሪታንያ ጦር አዲሱን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1953 ተቀበለው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የጸደቀውና ኤል 2 ኤ 3 የተባለው ዓይነትም ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል አገለገለ። ክብደቱ ያለ ጥይት 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሰደፉ ሲዘረጋ ርዝመቱ ወደ 69 ሳንቲ ሜትር፣ ሲታጠፍ ደግሞ 48 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ሲሆን ካዝናው 34 ጥይት ይይዛል፤ በደቂቃም እስከ 550 በሚደርስ ፍጥነት ይተኩሳል።

ፓቼት የካዝናውን ችግር የፈታው ቅርጹን በማጉበጥና ጥይቱን የሚገፋውን ክፍል በትናንሽ ተሽከርካሪ ብረቶች ላይ በማስቀመጥ ነው። ጥይቶቹ እየተፋጩ በመጎተት ፈንታ በቀላሉ እየተንሸራተቱ ይወጣሉ። ለበረሃ ይበልጥ የጠቀመው ግን በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰው መዝጊያ ብረት ላይ የተደረገው ለውጥ ነው። በብረቱ ዙሪያ ጠመዝማዛ ጉብታዎች ተቀርጸውበታል። መዝጊያው በተመላለሰ ቁጥር እነዚህ ጉብታዎች የገባውን አሸዋና ጥላሸት ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ እየፋቁ ወደ ዳር ይገፉታል። በሌላ አነጋገር መሣሪያው በተኮሰ ቁጥር ራሱን በራሱ ያጸዳል።

በዚህ ምድር የኖረ ሰው የዚህን ጥቅም ለመረዳት አይቸገርም። የባሕረ ሰላጤው አሸዋ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በመስኮት ስንጥቅ ይገባል፣ በስልክ ቀዳዳ ይገባል፣ በመኪና ሞተር ውስጥ ይገባል። ከዘይት ጋር ሲቀላቀልም ብረትን የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል። ስለዚህም በበረሃ የሚያገለግል ወታደር ለመሣሪያው ዘይት አያበዛም። ስተርሊንግ በዚህ ፈተና ውስጥ በማለፉ በኤደን፣ በዑማን ተራሮችና በዙፋር የዘመቱት የብሪታንያ ወታደሮች አምነውት ይዘውታል። በሻርጃ የጦር ሰፈር ይሰፍሩ የነበሩት የብሪታንያ ጦር ክፍሎችም መደበኛ ንዑስ መትረየሳቸው ይኸው ነበር።

አንድ ስሌት ግን ሊዘነጋ አይገባም። በደቂቃ 550 ጊዜ የሚተኩስ መሣሪያ 34 ጥይት የያዘውን ካዝናውን ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ባዶ ያደርጋል። የመሐንዲሱ ጥበብ ሁሉ ተጠቃልሎ የሚሰጠው እነዚህን አራት ሰከንዶች ነው። ከእነርሱ በፊት የሚወሰነው ውሳኔና ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ተጠያቂነት በመሣሪያው ላይ የሚቀረጹ አይደሉም።

በሻርጃ የተቋቋመው ኃይል

ሻርጃ ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በወቅቱ ገዥዋ በሼክ ሱልጣን ቢን ሰቅር አል ቃሲሚ ስምምነት የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራባት። የያኔው መንደርደሪያ ዛሬ የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ጎዳና ሆኗል፤ የመንገደኞች ማረፊያ የነበረው ምሽግ መሰል ሕንፃም አል ማሐጣ ሙዚየም ተብሎ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። በዚችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 ትሩሺያል ዑማን ሌቪስ የተባለ አነስተኛ ኃይል ተቋቋመ። ትሩሺያል የሚለው ስያሜ የመጣው የአካባቢው ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1853 ከፈረሙት ዘላቂ የባሕር ላይ የሰላም ውል ነው። ኃይሉ በብሪታንያ መኮንኖች ይመራ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ወታደሮቹም ከዮርዳኖስ የዓረብ ሌጌዎን የመጡ በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 ስሙ ወደ ትሩሺያል ዑማን ስካውትስ ተለወጠ።

የተሰጡት ተግባራት ግልጽ ነበሩ፤ በጎሳዎች መካከል ሰላም ማስጠበቅ፣ የመንግሥት ልዑካንን በጉዟቸው ማጀብና የባሪያ ንግድን ማስቆም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የመጨረሻው ተግባር ልዩ ትርጉም አለው። በዘመኑ በቡረይሚ የበረሃ ገነት በኩል ሰው እየታፈነ ወደ ውስጠኛው የዓረብ ምድር ይሸጥ ነበርና። ይህን የመሰለውን ንግድ መከልከል አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ የሻርጃ፣ የአጅማንና የዱባይ ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1820 የፈረሙት አጠቃላይ የባሕር ውል ሰዎችን ከአፍሪካ ጠረፍ አፍኖ መውሰድን ከባሕር ላይ ዘረፋ ቆጥሮት ነበር። ወረቀት ላይ የሰፈረው ክልከላ መሬት ላይ የሚያስከብረው ሲያጣ ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላም ሰው ይሸጥ ነበር። ሕግ የሚያስከብረው ኃይል እንደሚያስፈልገው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ኃይልም በበኩሉ ሕግና ሥርዓት እንደሚያስፈልገው የሚያሳየው ማስረጃ የተገኘው ከዚያው ከሌቪስ ታሪክ ነው። በቡረይሚ ጉዳይ ውጥረት በበረታበት ጊዜ የኃይሉን ቁጥር በፍጥነት ማሳደግ ተፈለገና ወታደሮች በጥድፊያ ከኤደን ተመለመሉ። ማንነታቸው በሚገባ አልተጣራም፤ ሥነ ሥርዓታቸውም አልጸናም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1953 የኃይሉ አዛዥ ሜጀር ትዌይትስ በገዛ ወታደሮቹ ጥይት ተገደለ። የተመለመሉት ሰዎች ከኃይሉ እንዲሰናበቱ ተደረገ፤ ምልመላውና ሥልጠናውም እንደ አዲስ ተጀመረ። መሣሪያው አልነከሰም፤ ጥይቱም አልከሸፈም። የከሸፈው መሣሪያውን ለማን እንደሚሰጡ የመመርመሩ ሥራ ነበር።

በዱባይም ተመሳሳይ ጥረት ተደርጓል። የዱባይ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር መጀመሪያ 1956 በናይፍ ምሽግ ሥራውን ጀመረ። ዛሬ በናይፍ ገበያ ልብስና ሻንጣ የሚሸምቱ ኢትዮጵያውያን የሚያልፉት በዚህ ምሽግ ጥግ ነው። በአጅማንም የገዥዎቹ መኖሪያ የነበረው ጥንታዊ ምሽግ ለተወሰኑ ዓመታት የፖሊስ መምሪያ ሆኖ ካገለገለ በኋላ ወደ ሙዚየምነት ተለውጧል። ምሽጉ ከመኖሪያነት ወደ ፖሊስ ጣቢያነት፣ ከዚያም ወደ ሙዚየምነት ያደረገው ጉዞ የአገሪቱን ጉዞ በአጭሩ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1971 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሲመሠረት ስካውትስ ለአዲሱ ኅብረት ተላልፎ የኅብረቱ መከላከያ ኃይል ተባለ። ፈተናው አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1972 የታጠቁ ሰዎች የሻርጃን ቤተ መንግሥት በኃይል ያዙ፤ ገዥው ሼክ ኻሊድ ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚም ተገደሉ። ከተመሠረተ ሁለት ወር እንኳ ያልሞላው ኅብረት ኃይሉን አሰልፎ ቤተ መንግሥቱን ከበበ፤ አጥቂዎቹም በማግሥቱ እጃቸውን ሰጡ። ሥልጣኑ ለሟቹ ወንድም ለሼክ ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚ በሥርዓት ተላለፈ። ሆኖም በየኤምሬቱ የየራሱ ዕዝ ያለው ጦር ገና ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1976 እነዚህ ኃይሎች ሁሉ በአንድ ሰንደቅ ዓላማና በአንድ ዕዝ ሥር እንዲዋሐዱ ተወሰነ። ዕለቱ እስከ ዛሬ በየዓመቱ የሚከበረው በምክንያት ነው። የጎዳናው ጸጥታ የተገኘው አዲስ ዓይነት ጠመንጃ በመግዛት ሳይሆን፣ የነበረው ጠመንጃ ሁሉ ለማን እንደሚታዘዝ በመወሰኑ ነውና።

እ.ኤ.አ. 1984

ስተርሊንግ ለሽያጭ በቀረበባቸው አሥርት ዓመታት በበርካታ አገሮች መከላከያና ፖሊስ እጅ ገብቷል፤ ሕንድና ካናዳም በየአገራቸው አምርተውታል። በ1977 የወጣውን ስታር ዋርስ የተባለ ፊልም ያዩ ወጣቶች ሳያውቁት አይተውታል፤ ነጭ ጥሩር የለበሱት የፊልሙ ወታደሮች የያዙት የብርሃን መሣሪያ በእውነተኛው ስተርሊንግ ላይ ጥቂት ነገሮች ተጨምረውበት የተሠራ ነው። ይህን ያህል ዝና ያተረፈ መሣሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የዓለምን ልብ አስደንግጧል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1984 በለንደን ከተማ በሊቢያ ኤምባሲ ፊት ለፊት የተካሄደን ሰላማዊ ሰልፍ ስትጠብቅ የነበረች ወጣት የፖሊስ ባልደረባ ከኤምባሲው መስኮት በተተኮሰ ጥይት ተገደለች። መርማሪዎች መሣሪያው ስተርሊንግ መሆኑን ደረሱበት። እንግሊዝ የሠራችው መሣሪያ የእንግሊዝን ሕግ አስከባሪ በገዛ መዲናዋ ገደለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 31 ቀን ደግሞ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በኒው ዴልሂ መኖሪያቸው ግቢ ውስጥ ከቤት ወደ ቢሮ ሲያልፉ ሊጠብቋቸው በተመደቡ ሁለት ዘቦች ተገደሉ። አንደኛው በሽጉጥ፣ ሁለተኛው በስተርሊንግ ተኩሰዋል። ግድያው ባስነሣው ቁጣም በሺዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን የሲክ እምነት ተከታዮች አለቁ።

በሁለቱም ቦታ መሣሪያው በመሐንዲሱ ሠንጠረዥ ላይ በሰፈረው ልክ ሠርቷል። ቃታው ሲሳብ ተኮሰ፤ ጥይቱም ወደ ተነጣጠረበት ሄደ። የመሣሪያን ብቃት በፍጥነትና በርቀት ብቻ የሚለካ ሰው ሁለቱንም ቀናት የስኬት ቀናት ብሎ መመዝገብ ይኖርበታል። እንዲህ ያለውን መዝገብ ደግሞ ማንም ጤነኛ ሰው አይቀበለውም።

ባሪያና ጠመንጃ በአንድ መንገድ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከሸዋ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል ታጁራ ወደብ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ የኢትዮጵያን ልጆች ለባርነት አጓጉዟል። በዚያው መንገድ ወደ ላይ የሚመለሰው ግመል ጠመንጃ ይጭን ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1886 ከታጁራ ተነሥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ያደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። የዘመኑ ኃያላን መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ በፈረሙት ውል የባሪያ ንግድንና የጠመንጃ ንግድን በአንድ ሰነድ ለመቆጣጠር የተስማሙትም ሁለቱ እንደሚመጋገቡ ስላዩ ነው። ጠመንጃ ያለው ያፍናል፤ በታፈነው ሰው ዋጋ ደግሞ ሌላ ጠመንጃ ይገዛል።

የጠመንጃ ዓይነቶች በአማርኛ ያገኙት ስም የዚያ ንግድ መዝገብ ነው። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ የሚሉት ቃላት ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከኦስትሪያና ከቤልጅየም ከመጡ ጠመንጃዎች ስሞች የተወለዱ ናቸው። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ በዓድዋ ለአገር ነፃነት ውለዋል፤ ይህም ሁልጊዜ በክብር የሚነሣ ነው። ነገር ግን በዓድዋ የተሰለፈው ጠመንጃ በንጉሠ ነገሥቱ ዐዋጅ የከተተ፣ አለቃ የነበረውና ዓላማው የታወቀ ነበር። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በየጎጆው የቀረው ጠመንጃ ግን በወሰን ክርክርና በደም መላሽ የስንቱን ቤት እንደ ዘጋ የየአካባቢው ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

ዛሬም ችግሩ አልተወገደም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አውጥታ ፈቃድንና ምዝገባን ግዴታ ብታደርግም፣ በየጊዜው በሕገ ወጥ መንገድ ሲጓጓዝ ተያዘ የሚባለው መሣሪያ ብዛት ሥራው ገና መሆኑን ያመለክታል። በሠርግና በለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ እንደ ክብር የሚቆጠርባቸው አካባቢዎችም አሉ። ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት ግን ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ተመልሶ ሲወርድ የሚያርፍበትን አይመርጥም። በደስታ ቤት የተተኮሰ ጥይት የጎረቤትን ልጅ ገድሎ ሠርጉን ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶውንም ወደ ደም የለወጠበት ታሪክ በብዙ መንደር ይወራል።

በባሕረ ሰላጤው የሚኖረው ሠራተኛ እዚህ ላይ ድርሻ አለው። ከዱባይ፣ ከሻርጃና ከአጅማን ወደ ቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ የብዙ ዓመት ላብ ነው። በዚህ ገንዘብ ቤት ተሠርቷል፤ ልጅ ተምሯል፤ የታመመ ታክሟል። አልፎ አልፎ ግን ከአገር ቤት የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ይሆናል፤ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ክላሽ ለመግዛት እርዳታ ይጠይቃል። ጠያቂው ምክንያት አያጣም፤ ጎረቤቱ ታጥቋል፣ መንገዱ አያስተማምንም፣ ባዶ እጅ መሆን ውርደት ነው። ስጋቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንዱ ሲታጠቅ ጎረቤቱ በተራው ይሰጋና የተሻለ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ለጥንድ በሬ ወይም ለውኃ ፓምፕ መሆኑ ቀርቶ ለነጋዴው ሲሳይ ይሆናል። በሰው ቤት አጎንብሳ የሠራች እህት ላቧ በማን ደም እንደሚያልቅ የማወቅ መብት አላት።

የጦር ጫፍ በእጅ እንዲያዝ

ለሙስሊም አንባቢ ይህ ጉዳይ ከዘመናዊ ሕግ አስቀድሞ በሃይማኖቱ የታወቀ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ ማዘዛቸው በታመኑ የሐዲስ መዛግብት ተላልፏል። በወንድም ላይ በቀልድ እንኳ መሣሪያ መቀሰርን ከልክለዋል፤ ከሰገባው የወጣ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበልንም እንዲሁ። እነዚህ ትእዛዞች የተሰጡት ጦርነት ለሚያውቅና መሣሪያ የዕለት ተዕለት ዕቃው ለነበረ ሕዝብ ነው። ትኩረታቸውም በሰላማዊው ሰው ላይ ነው፤ ሊሰግድ በመጣው፣ ሊሸምት በወጣው፣ በመንገድ በሚያልፈው። ዛሬ በጦር ሰፈር መሣሪያ ያለ ቁጥርና ያለ ፊርማ የማይወጣው፣ አፈሙዝ ወደ ሰው የማይዞረው፣ ጥይት አንድ በአንድ የሚቆጠረው ከዚሁ ከቆየ ጥበብ ጋር በሚስማማ መንገድ ነው።

የኤምሬቶች ሕግም በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። ጦር መሣሪያንና ጥይትን ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሸጥ ወይም ወደ አገር ማስገባት በወንጀል ያስጠይቃል። ይህ ለኢትዮጵያውያን መንገደኞችም ማስታወሻ ሊሆን ይገባል። ከአገር ቤት ሲመለሱ ለትዝታ ተብሎ በሻንጣ የሚቀመጥ የአባት ጥይት ወይም የአያት ሽጉጥ ቁራጭ በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ከባድ ጣጣ ያመጣል። ባለቤቱ ያላሰበውን ክፋት የፍተሻ መሣሪያው ሊያጣራለት አይችልም።

ሕግ አስከባሪው ኃይል በሕዝብ ላይ በግዴታ ሲጫን ደግሞ ውጤቱ ሌላ እንደሚሆን የዱባይ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1910 የብሪታንያ የጦር መርከብ ሃያሲንት ወታደሮች በድብቅ የገባ ጠመንጃ እንፈልጋለን ብለው የዱባይን ቤቶች ለመበርበር ሲገቡ ከነዋሪው ጋር ተታኩሰው ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞተዋል። የሕዝቡን አመኔታ ሳያገኙ መሣሪያ ለመሰብሰብ መሞከር ደም ማፍሰስን አስከተለ። ከስድሳ ዓመት በኋላ ግን የአገሩ ልጆች በራሳቸው ውል ኅብረት ሲመሠርቱ ሰዉ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ የሚጠብቀው ሌላ እንዳለ አምኗልና። ለኢትዮጵያም ትምህርቱ ይኸው ነው። ዐዋጅ ብቻውን መሣሪያ አያስፈታም፤ ገበሬው በሬው እንደማይዘረፍ፣ ነጋዴው መንገድ ላይ እንደማይታገት፣ የተበደለው ከዳኛ ፊት ፍትሕ እንደሚያገኝ ማመን አለበት። ይህን የማድረግ ኃላፊነት በመጀመሪያ የመንግሥት፣ ቀጥሎም የሃይማኖት አባቶችና የሽማግሌዎች ነው።

በውጭ ያለው ወገንም ከዚህ ኃላፊነት ነፃ አይደለም። ለጠመንጃ መግዣ የሚጠየቅ ገንዘብ ሲመጣ እምቢ ማለት፣ እምቢ ሲሉም ዝም ብሎ ከመተው ይልቅ ለትምህርት፣ ለሕክምና ወይም ለሥራ መጀመሪያ የሚሆነውን አማራጭ ማቅረብ ይቻላል። የቤተሰብ ጠብ ካለ ለሽምግልና የሚወጣውን ወጪ መሸፈን ከጥይት ዋጋ አይበልጥም። በሠርግ የቪዲዮ ጥሪ ላይ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ በእልልታ ከማጀብ ይልቅ ተዉ ማለት ክብርን አይቀንስም። ሩቅ ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ሰው ቃሉ በቤተሰቡ ዘንድ ይሰማል፤ ይህን ተሰሚነት ለበጎ መጠቀም ይገባዋል።

በረመዳን ወር ፀሐይ ስትጠልቅ በዱባይ የፖሊስ መድፍ አንዴ ይተኮሳል፤ በሻርጃና በአጅማንም ይኸው ልማድ አለ። ድምፁ ሲሰማ ሕፃናት ወደ መድፉ ይሮጣሉ፤ ጿሚው ቴምሩን አንሥቶ ቢስሚላህ ይላል፤ የዒድ ጨረቃ ስትታይ ደግሞ ተኩሱ ሁለት ይሆናል። መድፉ አረር የለውም፤ የሚተኩሰውም ትእዛዝ የተቀበለ ፖሊስ ነው። በዚህ አገር ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ከተኩስ የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው። በወሎ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በሸዋ የሚያድጉት ዘመዶቻቸውም የተኩስ ድምፅ ሲሰሙ የማይሸሹበት ቀን እንዲመጣ፣ ከዚህ የሚላከው እያንዳንዱ ብር ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ከዛሬ መጀመር ይኖርበታል።